ስምንቱ ፓኔሎች ለሁለት ሲካፈሉ

እናቴ ቤት ጣራ ላይ ለመውጣት ሁለት ቁልፍ ያስፈልጋል። አንዱ ታላቅ ወንድሜ ጋ ነው፣ ሌላው ታናሽ ወንድሜ ጋ። ደረጃው ጫፍ ላይ ባለው የብረት በር ሁለት ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል፤ ሁለቱ ወንድሞቼ ጎን ለጎን ካልቆሙ በሩ አይከፈትም። ጎን ለጎን ደግሞ አይቆሙም። ስለዚህ ጣራው ላይ ያለውን ነገር የሚያየው ወፍ ብቻ ነው።

ይህን ብልሃት ያመጡት አጎታችን ናቸው። ሰፈሩ "አቶ ትክክል" ይላቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን እንደ ሹመት ተቀብለውታል። አባባ ሲሞት ቤቱን ለሁለቱ ወንዶች ያካፈሉት እሳቸው ናቸው። ሳሎኑን መሐል ለመሐል በብሎኬት አስከፈሉት። መስኮቱ ሦስት ስለነበር፣ አንዱ ወንድም ሁለት ሌላው አንድ እንዳይሆንበት፣ ሦስተኛውን አስደፈኑት። ወጥ ቤቱ ለጋሼ፣ መታጠቢያ ቤቱ ለማሙሽ ደረሰና ሁለቱም የጎደላቸውን እንደ አዲስ አሠሩ። ጋሼ የምለው ታላቃችንን ነው። ማሙሽ ታናሻችን ነው፤ ፀጉሩ ሸብቶም ማሙሽ እንደሆነ ቀርቷል። እኔ መሐል ላይ ነኝ። ለእኔ የአባባ ቴስተር፣ ቮልት መለኪያው፣ ደረሰኝ፣ ከነቦርሳው።

"ሙያውን የወረስሽው አንቺ አይደለሽ? ትክክል ነው" አሉኝ አጎቴ።

በዚያስ ቅር አላለኝም። አባባ ኤሌክትሪሻን ነበር፤ ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው፣ የምተዳደረውም ሶላር በመግጠም ነው። የሚያንገበግበኝ ጣራውን ሲያካፍሉ አለመኖሬ ነው። ሌላ ከተማ ሥራ ላይ ነበርኩ።

እማዬ ሳንባዋ ደክሞ በኦክስጅን ማሽን ነበር የምትኖረው። ማሽኑ ከአልጋዋ አጠገብ ቆሞ እያጉረመረመ ኦክስጅኑን በቀጭን ቱቦ አፍንጫዋ ድረስ ይልክላታል። መብራት ከሌለ ግን የቆመ ቁምሳጥን ነው። የሰፈሩ መብራት ደግሞ እንግዳ ነው፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል። አባባ በመጨረሻ ዘመኑ ጣራው ላይ ስምንት የሶላር ፓኔል የሰቀለው ለዚህ ነበር። ስምንቱን በአንድ መስመር ቀጣጥሎ፣ የፀሐዩን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚለውጥ አንድ ኢንቨርተርና ሁለት ባትሪ አድርጎ፣ "አሁን እንደልብሽ ተንፍሺ" አላት። እሷም እሱ እስኪሞት ድረስ እንደልቧ ተነፈሰች።

አጎቴ ጣራው ላይ ወጡና ቆጠሩ። ስምንት ለሁለት አራት ነው። መስመሩን መሐል ላይ አስቆረጡና አራቱን ለጋሼ፣ አራቱን ለማሙሽ ሰጡ። ባትሪውም አንድ አንድ ሆነ። ኢንቨርተሩ አንድ ብቻ ስለነበር ጋሼ እሱን ወሰደ፣ ማሙሽ በምትኩ ፍሪጁን ወሰደ፤ ኋላ ማሙሽ ከወንድሙ ላለማነስ ያንኑ ዓይነት ኢንቨርተር፣ ቀለሙ እንኳ ሳይቀር፣ ፈልጎ ገዛ። እማዬ በጓሮው ክፍሏ ትቆይ ተባለ። መብራቷን አንድ ሳምንት ጋሼ፣ አንድ ሳምንት ማሙሽ እንዲሰጣት ግድግዳዋ ላይ ማዞሪያ ተገጠመላት፤ ወደ ላይ ሲሆን የጋሼ ነው፣ ወደ ታች ሲሆን የማሙሽ።

ከሥራ ተመልሼ ልጠይቃት ስገባ ገና ሳልቀመጥ፣ "እስቲ ማዞሪያውን እዪልኝ፣ ዛሬ የማን ነኝ?" አለችኝ።

ሳቀች፤ ሳቋ ሳል ሆነባት። እኔ አልሳቅኩም።

ያን ጊዜ ወቅቱ ብርድ ነበርና ሁሉም ነገር የሚሠራ ይመስል ነበር። ሙቀቱ ሲገባ ጉዱ መጣ። ፀሐይዋ ጠዋት ብቅ ስትል የሁለቱም ኢንቨርተር ይነሳል፤ ቀትር ላይ፣ አናት የምትበሳው ፀሐይ ስትበረታ፣ ይጠፋል። ትንሽ ቆይቶ ይነሳል፣ መልሶ ይጠፋል። ባትሪው ለወጉ ያህል እንኳ አይሞላም። ጋሼ ማሙሽ ከመስመሩ እየሰረቀው እንደሆነ አመነ። ማሙሽ ደግሞ የተበላሹት ፓኔሎች ሆን ተብሎ ለእሱ እንደደረሱት ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። በጣራው በር ላይ ሁለት ጓጉንቸር የተሰቀለው ያኔ ነው። አጎቴ ለሁለቱም አንድ አንድ ቁልፍ ሰጥተው፣ "አሁን ማንም ማንንም አይሰርቅም" ብለው ሄዱ።

በግድ ነው ሁለቱን አንድ ቀትር ላይ ያገናኘኋቸው። ካልመጣችሁ እማዬን ወደ እኔ እወስዳታለሁ ብዬ አስፈራራሁ። ባዶ ማስፈራሪያ ነበር፤ እኔ የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ እሷም "ከባሌ ቤት የምወጣው ሬሳዬ ሲወጣ ነው" ብላ ቆርጣለች። እነሱ ግን ሰው ምን ይለናል ብለው መጡ። እያንዳንዱ የራሱን ጓጉንቸር ከፈተ፤ ሌላው ሲከፍት ዓይኑን ወደ ሰማይ አደረገ።

ጣራው ምጣድ ሆኗል። መሰኪያዎቹን አንድ በአንድ ነቅዬ አየሁ፤ አልተቃጠሉም፣ ውሃ አልገባባቸውም። ሽቦውን ከላይ እስከ ታች ዳሰስኩ። ከዚያ ስምንቱንም ፓኔል ለየብቻ በአባባ ቴስተር ለካሁ። ሁለቱም ትከሻዬ ላይ ተደፍተው ቁጥሩን ያነባሉ፤ ጋሼ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ማሙሽ እስትንፋሱን ውጦ። ስምንቱም እንደ መንታ አንድ ዓይነት አነበቡ።

"የተበላሸ የለም" አልኳቸው።

"እንዴት የለም?" አለ ማሙሽ። የቀረበት ነገር ያለ ይመስል ነበር።

"የለም። የእሱም ደህና ነው፣ ያንተም ደህና ነው።"

"ታዲያ ምንድነው የሚያጠፋው? ስህተቱ የማን ነው?" አለ ጋሼ።

ቴስተሩን በጋሼ አራት ፓኔሎች መስመር ጫፍ ላይ ሰክቼ ኢንቨርተሩ እስኪነሳ ጠበቅን። ቁጥሩ መቶ ሠላሳ ስድስት ይላል። ኢንቨርተሩ ተነሳና መሳብ ጀመረ፤ ቁጥሩ ዓይናችን እያየ ወርዶ መቶ አሥራ አምስት ገባ። ከታች ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ጠፋ። ሲጠፋ ሸክሙ ቀለለለትና ቁጥሩ ተመልሶ ወጣ። ከዚያ ያው፣ እንደገና።

"ይሄ ኢንቨርተር ከመቶ ሃያ ቮልት በታች አይሠራም" አልኩ። "አባባ ስምንቱን የቀጣጠላቸው የአንዱ ቮልት በሌላው ላይ እንዲደመር ነው። ስምንት ሲሆኑ ኢንቨርተሩ እየሳባቸውም ሁለት መቶ ሠላሳ ይደርሳሉ፤ ቢሞቅም ቢበርድም ግድ የላቸውም። አራት ሲሆኑ ግን ለጠዋት ብርድ እንጂ ለቀትር አይበቁም። ፓኔል ሲግል ቮልቱ ይወርዳል።"

"ፀሐይ በበረታ ቁጥር ይደክማል ነው የምትዪኝ?" አለ ማሙሽ።

"ቮልቱ ይደክማል። እጅህን አስቀምጥበትና እየው፣ ያቃጥልሃል።"

ጋሼ አሰብ አደረገ። "የእኔ አራት አይበቃም ማለት ነው።"

"አይበቃም።"

"የእሱስ?"

"የእሱም አይበቃም።"

መቼም እግዜር አይቶኛል፣ አልዋሽም፤ የወንድሜ ፊት ፈካ አለ። ለእሱ አለመብቃቱን ቻለው፤ ለማሙሽም አለመብቃቱን ሲሰማ ቀለለው። ማሙሽን ዞር ብዬ ባየው እሱም እንደዚያው ነው።

አማራጩን ነገርኳቸው። በአነስተኛ ቮልት የሚሠራ ሌላ ኢንቨርተር ግዙ፤ ጋሼ "መጀመሪያ እሱ ይግዛ" አለ፣ ማሙሽ "እሱ ሲገዛ አያለሁ" አለ። ፓኔል ጨምሩ፤ ጣራው ላይ የቀረው ቦታ አንድ ክንድ ነው፣ እሱም ክርክር ላይ ነው። ካልሆነ ስምንቱን መልሼ በአንድ ላገናኛቸው፣ ለሁላችሁም ይተርፋል።

"ኢንቨርተሩስ በማን ቤት ይቀመጣል?" አለ ጋሼ።

"በእማዬ ክፍል።"

ሁለቱ ተያዩ። ግድግዳው ከተሠራ ወዲህ ሲተያዩ አላየሁም ነበር።

"አሃ" አለ ማሙሽ። "ገባኝ። ከዚያ ቀስ ብለሽ ክፍሉን የኔ ነው ልትዪ ነው።"

ደሜ ፈላ። ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ የተናገርኩት ለጎረቤት ሁሉ ተሰምቷል። በመጨረሻ ተናንቀን "ለሙከራ" ብለው ተስማሙ፤ ኢንቨርተሩ በጋሼ በኩል ሆኖ ለማሙሽ በመስኮት ገመድ ይዘረጋለት ተባለ። የተቆረጠውን መሐል በአንድ መሰኪያ ገጠምኩት። ሥራው ይኸው ነው፤ ጠቅ ያደርጋል፣ አለቀ። በዚያው ቀትር ኢንቨርተሩ ዓይኑን ሳያርገበግብ እስኪመሽ ሠራ። ባትሪዎቹ ሞሉ። የእማዬም ማሽን ሳይቆራረጥ አደረ፤ በማግሥቱ ፊቷን ታጥባ፣ ሻሿን አስተካክላ አገኘኋት።

ሙከራው ሳምንት አልሞላም። ጋሼ በማሙሽ በኩል የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲዞር ሰማ፤ "በኔ ኢንቨርተር!" አለ። ማሙሽ ደግሞ፣ በጋሼ መስኮት የሚመጣ መብራት ተለምኖ የመጣ መብራት ነው፣ ልጆቼ ፊት አንገቴን አልደፋም አለ። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ሁለቱ ቁልፋቸውን ይዘው ወጡና መሰኪያውን ነቀሉት። አጎቴ ዘንድ ሄጄ ጮኽኩ።

"ልጄ" አሉኝ፣ "እኔ ፍርዴን ባፈርስ ነገ ማን ይሰማኛል? ስምንት ለሁለት አራት ነው። ይሄ እኮ ሒሳብ ነው፣ ምኑ ያከራክራል?"

"አጎቴ፣ አራቱ እኮ ምንም አይሠሩም።"

"ለሁለቱም እኩል አይሠሩም። አድልዎ የለበትም።"

እማዬ ይህን ስነግራት ቱቦዋን በጣቷ እያስተካከለች፣ "ተያቸው በይ። እኔ የምተነፍሰው ስንት ሆኖ ነው? ትንሽ ነው" አለችኝ። ልጆቿን አታስነካም፤ ሲሰድቧት እንኳ የደከማቸው ነው ትላለች። እኔ የኦክስጅን ሲሊንደር ገዝቼ ከአልጋዋ ሥር አስቀመጥኩ። መብራት ሲሄድ ለጥቂት ሰዓት ይይዛታል፤ ከዚያ በላይ አይሆንም።

አንድ ቀን መብራት ከጠዋት ሄደ። እኔ ከከተማው ወዲያ ማዶ የሰው ጣራ ላይ ነበርኩ። ቀትር ላይ የማሙሽ ሚስት ደወለች፤ ደግ ሴት ናት፣ በሁለቱ መሐል የምትሰቃይ።

"የእማማ ማሽን ይጮኻል፤ የጋሼ ባትሪ አለቀ። ወደ እኛ ላዙረው? ሳምንቱ ግን የእኛ አይደለም።"

"አዙሪው!"

አዞረችው። የእነሱም ባትሪ ባዶ ነበርና ብዙ ሳይቆይ ማሽኑ ቆመ። ስለ ተራ ሲጣሉ የከረሙት በሁለት ባዶ ባትሪ ነው። ሲሊንደሩን ክፈቺላት አልኳትና በታክሲ በረርኩ። መንገዱ በመኪና ታፍኖ ሰዓታት ፈጀብኝ፤ ስደርስ ፀሐይዋ ቁልቁል ትወርዳለች። ግቢው ውስጥ ከግድግዳው በዚህም በዚያም ሁለቱ ኢንቨርተሮች ቀጭ ቀጭ ይላሉ፤ ይነሳሉ፣ ይወድቃሉ። ከላይ ስምንቱ ፓኔል ተዘርግቶ፣ አንዲት መሰኪያ እስኪገጠምለት ይጠብቃል።

ጋሼ ከሱቁ ተጠርቶ መጥቷል። ቁልፉን በጣቱ ይዟል።

"ክፈትልኝ!"

"የእኔን እከፍታለሁ" አለ። ከፈተም። "የማሙሽ ግን አለ። ስልኩን አያነሳም።"

"መዶሻ አምጣልኝ፣ እሰብረዋለሁ።"

"ኧረ ተይ። እሱ ሳይኖር ተሰብሮ ሲያገኘው ምን ይለኛል? አንቺ ነሽ የሰበርሽው ብል ያምነኛል?"

ወንድሜን አየሁት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለእናቱ ያለቅሳል፣ መድኃኒቷን ይገዛል፣ እግሯን ያሻል። ያን ቀን ግን ከእናቱ እስትንፋስ ይልቅ የወንድሙን ክስ ነበር የፈራው። መዶሻ ከጎረቤት አመጣሁ። ሦስት አራቴ እንደመታሁ የማሙሽ ሚስት ከጓሮ ጠራችኝ፤ ሲሊንደሩ አልቋል።

መዶሻውን ጣልኩት። እማዬን ከነብርድ ልብሷ ተሸክመን በጎረቤት መኪና አስገባናት። ከንፈሯ ጠቁሯል። ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ ነበር፤ እጄን ይዛ ነበር፤ የሆስፒታሉ በር ሳይታይ እጇ ለቀቀኝ። መኪናው ግን አልቆመም፤ ሹፌሩ ስላላወቀ መንገድ ልቀቁ እያለ ጥሩምባውን ይነፋ ነበር።

ከቀብር መልስ ግቢው በሰው ሞላ። መብራቱ እንደሄደ ነው። ወንበር እየደረደርኩ ሳለ ጋሼና ማሙሽ አብረው መጡ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ዓይናቸው በልቅሶ ቀልቶ።

"እህቴ" አለ ጋሼ፣ "እንግዳ በጨለማ ሊቀመጥ ነው። ከሩቅ የመጣ አለ። ያንን ነገር ብታገናኚው።"

"የትኛውን ነገር?"

"ያንን፣ የጣራውን" አለ ማሙሽ። "ሰው ምን ይለናል?"

ሁለቱም ቁልፋቸውን አውጥተው ይዘዋል።

ለምን እንደወጣሁ አላውቅም። ሥራዬ ስለሆነ ይሆናል፤ ወይም እነዚያ ሰዎች የመጡት ለእማዬ ስለሆነ። በሩ ወዲያው ተከፈተ። መሐሉን በዚያችው መሰኪያ ገጠምኩት፣ ጠቅ አለ፤ ቴስተሩን አስገባሁ፤ ኢንቨርተሩ እየሳበ ሁለት መቶ ሠላሳ ሁለት። ከኋላዬ ማሙሽ "ጎበዝ" አለኝ። ዞሬ ላለማየት ፓኔሉን ያዝኩ፤ እጄን አቃጠለኝ፤ አልለቀቅኩም።

እንግዳ እስኪሸኝ ድረስ ቤቱ በመብራት ተንቆጠቆጠ። ስልኩን ያልሞላ አልነበረም። አንዲት ሴትዮ፣ "ታድለው፣ እንዲህ ያለ ሶላር እያላቸው" ስትል ሰማሁ።

የመጨረሻዎቹ እንግዶች በሄዱ ማግሥት ወንበሩ ተለቃቅሞ፣ አጎቴም ባሉበት፣ ጋሼ ጠራኝ። ድምፁ ለስላሳ ነበር።

"እንግዲህ ሁሉም ሆነ" አለኝ። "አሁን እንደ ድሮው አድርጊልን። አራት አራት። በኋላ ነገር እንዳይነሳ።"

"ቀትር ላይ እንደማይሠራ ነግሬህ የለ?"

"ግድ የለም፤ ድርሻችን ይታወቅ" አለ ማሙሽ። ትንሽ አሰበና፣ "የእማዬን ክፍል መስመር ግን አትመልሽው። ማዞሪያውንም ንቀይልን። አሁን ምን ያደርጋል፣ ሸክም ነው" ብሎ ጨመረ።

"እሱስ እውነቱን ነው" አለ ጋሼ።

ስንት ቀን ሙሉ ያለቀስኩበት ዓይኔ በዚያች ሰዓት ደረቀ። የምወዳቸው ወንድሞቼ ናቸው፤ እዚያው ቆሜ ጠላኋቸው፣ እስከ ዛሬም መጥላቴን አልተውኩም። ይህንኑ በፊታቸው ነገርኳቸው። የአባባን ቦርሳ አንስቼ ወደ በሩ ሄድኩ።

አጎቴ ደጁ ድረስ ተከተሉኝ። ክንዴን ያዝ አድርገው፣ ፊታቸው በርቶ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አየሽ ልጄ" አሉኝ፣ "በመጨረሻ ተስማሙ።"